ሳሙና ያጣ ካርቶን

የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች «ጥንቅቅ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሞግሷት ይሁን ሊያሾፉባት እስካሁን አልለየም። የዕቅድ ክፍል ባለሙያ ናት፤ ፋብሪካው ምን ያህል ሳሙና እንደሚያመርት፣ ለዚያም ምን ያህል ዘይት፣ ሽቶና ካርቶን እንደሚታዘዝ የምትወስነው እሷ ናት። ዛሬ ግን ጥንቃቄዋ አልጠቀማትም። ሥራ አስኪያጁ ለምሳ ሲወጣ በሯ ላይ ቆም አለና፣ «ካርቶን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይታዘዝም። መጋዘኑ መተንፈሻ አጥቷል። ለሰውዬው ንገሪው» ብሏት ሄደ።

ሰውዬው አጎቷ ናቸው። እናቷ ከሞተች በኋላ ከገዛ ልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የፋብሪካውን ካርቶን የሚሠሩትም እሳቸው። ሥራ አስኪያጁ ዝምድናቸውን ጠንቅቆ ያውቃል። ደስ የማይል ወሬ ሲኖረው ግን «ሰውዬው» ማለት ይቀለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ወረቀት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ካርቶን ዘገየ። ሳሙናው ተመርቶ ማሸጊያ አጣ፣ ማሽኖቹ ቆሙ፣ ሱቆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ ሥራ አስኪያጁም ጥንቅቅ ላይ በሰው ፊት ጮኸባት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ ሁሉም መጨመር ጀመረ። አሥር ካርቶን ሳሙና የሚበቃው ባለሱቅ «ምናልባት ቢጠፋ» ብሎ አሥራ አምስት ጠየቀ። የሽያጭ ኃላፊው የባለሱቆቹን ጥያቄ ሰብስቦ ከላዩ ጣል አደረገበት። የመጋዘን ኃላፊው ባዶ መደርደሪያ ማየት ስለሚያስፈራው የራሱን አከለ። ቢሮ ውስጥ ይህችን ጭማሪ «ምርቃት» ይሏታል፤ አትክልት ሻጭ ከኪሎው በላይ ጣል እንደምታደርጋት። ልዩነቱ፣ አትክልት ሻጯ የምትመርቀው ከራሷ ላይ ነው።

ጥንቅቅም መረቀች። እንዲያውም ከሁሉም አብልጣ መረቀች፤ ሁለተኛ በሰው ፊት መዋረድ አልፈለገችማ። ትዕዛዙ ጠረጴዛዋ ላይ አብጦ ይደርሳል፣ ከጠረጴዛዋ ሲነሣ ደግሞ ሌላ እብጠት ጨምሮ ይሄዳል። ሰው ግን የሚታጠበው ያንኑ ሁለት እጁን ነበር።

አጎቷ ይህን ከየት ያውቃሉ? እሳቸው የሚያዩት የሚመጣላቸውን ትዕዛዝ ብቻ ነው፤ ትዕዛዙ ደግሞ በየወሩ ያድጋል። «ገበያው አበደ» አሉ ደስ ብሏቸው። የግቢያቸውን ጓሮ ሸጠው ሁለተኛ ማሽን ገዙ። ቀጥሎ ሒሳብ ያስተምር የነበረውን ልጃቸውን «ና አግዘኝ» አሉት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «መምህሩ» ነው የሚለው።

መምህሩ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ጥንቅቅን ሊያማክራት ቢሮዋ መጥቶ ነበር። የእንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ እንደሆነ ማስተማር እወዳለሁ» አላት። «አባዬ ግን ብቻውን አልቻለም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይሄ ሥራ ይዘልቃል?»

ጥንቅቅ የዚያን ዕለት ጠዋት መጋዘን ገብታ ነበር። ቀደም ባሉት ወራት የተመረተው ሳሙና እንደታሸገ ተቀምጧል። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት መዞሪያ አጥቶ ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣል። የመጋዘን ኃላፊው፣ «ከእንግዲህ የሚመጣውን አንቺ ቢሮ ነው የማራግፈው» ብሎ አሳቃት። ስቃ ስታበቃ ግን ፈራች። ሱቆቹ ከእኛ የወሰዱትን ሳይሆን ለሰው የሸጡትን ብጠይቅስ ብላ አሰበች። ለጥቂት ባለሱቆች ስልክ መደወል ብቻ ነበር። አልደወለችም። መልሱን ከሰማች ትዕዛዙን ልትቀንስ ነው፤ ቀንሳ ካርቶን ቢጠፋ ደግሞ ያ ጩኸት ሊመለስባት ነው። ስለዚህ መምህሩን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «አይዞህ፣ ገበያው አድጓል» አለችው። አፏን ሞልታ ነው ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጎቷ ቤት ስትሄድ የቀረበላት ምግብ አይወርድላትም።

ዛሬ ከሰዓት ወደ አጎቷ ወርክሾፕ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነው ልበል? ባለሱቆቹ ናቸው ልበል? የሚጠቆምበት ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አንዱም አያድናትም። በሩ ላይ የሙጫው ሽታ ሲቀበላት ይህን አወቀች፣ አፈረችም።

አጎቷ ፀጉራቸው የወረቀት ብናኝ ለብሶ አዲሱ ማሽን አጠገብ ቆመዋል። ሲያዩዋት ፈገግ ብለው የታሰረ ካርቶን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጧት።

«ምነው ፊትሽ? ሥራ በዛብሽ እንዴ?»

«አጎቴ፣ ትዕዛዝ ቆሟል» አለች። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካርቶን አንወስድም።»

«ትንሹን ነው ትልቁን?»

«ሁሉንም።»

አጎቷ አጠገቧ ተቀመጡ። ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን የወረቀት ጥቅል ቀና ብለው አዩት። «ይሄን ያህል ምን አስገዛኝ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «እንዳያልቅብኝ ብዬ እኔም ጨመር አድርጌ ነው ያዘዝኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።»

«ገበያው አላደገም ነበር አጎቴ። ሁላችንም ከላይ ከላይ እየጨመርን ነው። ከሁሉም የበለጠ የጨመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እንዳልሰደብ ብዬ።»

እንዲቆጧት ፈለገች፤ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። እሳቸው ግን እጇን ያዟት።

«ስሚኝ ልጄ። ይሄን ለልጁ እንዳትነግሪው። እኔ ስስት ይዞኝ አበዛሁት እለዋለሁ። የአባት ጥፋት ይለመዳል። እናንተ ግን በአንድ ትሪ በልታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፤ እንዲቀየምሽ አልፈልግም።»

ጥንቅቅ እፎይ አለች። እፎይ በማለቷም ራሷን ጠላችው፤ ግን አላንገራገረችም። አጎቷ ያላወቁት ሌላ ነገር ነበራ፤ እሱን ለመደበቅ ይሄ ዝምታ ይመቻት ነበር።

መምህሩ በኋላ በር ገባ። ሙጫ የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የፋብሪካ ሰው መጣች እንግዲህ፣ ተነሡ» ብሎ ቀለደባት። አባቱ እጇን ሳይለቁ ነገሩት። ትዕዛዙ እንደቆመ፣ እሳቸው ገበያውን ሳያጣሩ እንደሮጡ፣ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ።

መምህሩ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ።

«ሁለተኛው ማሽን ይቆይ አላልኩም አባዬ? ጓሮው አይሸጥ አላልኩም? ትምህርት ቤቱ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። አሁን ልጆቼን ምን ላብላቸው፣ ካርቶን? ስስትህ ነው እዚህ ያደረሰን።»

አጎቷ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌ ሰው በልጁ ፊት፣ ባላጠፋው ጥፋት። መምህሩ ሌላም ሊናገር አፉን ሲከፍት ጥንቅቅ አልቻለችም።

«እሳቸው አይደሉም» አለች። «ትዕዛዙን ያሳበጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እኔን አምነው ነው።»

«ተይ አልኩሽ» አሉ አጎቷ፤ እጇንም ጠበቅ አደረጉት።

መምህሩ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። ሒሳብ ሲያስተምር እንደሚያደርገው ሳይቸኩል አያት።

«ገበያው እንዳላደገ መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዛሬ ማለት ትችል ነበር። ማንም አያጣራም። አጎቷም ዛሬ እንዲሆን በዓይናቸው ይለምኗት ነበር።

«ልታማክረኝ የመጣህ ቀን» አለች። «ጠዋቱን መጋዘኑን አይቼው ነበር።»

አጎቷ እጇን ለቀቁ።