እትዬ ሰሊማ ያዩት ሰርግ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፊልም የሚፈረደው በካሚል ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ፈራጇ ደግሞ እትዬ ሰሊማ ናቸው። ካሚል የኮሪያውንም፣ የቻይናውንም፣ የኢራኑንም በፍላሽ እየጫነ ይሸጣል፤ እሳቸው ቀድመው አይተው «ይታያል» ካላሉ ግን ገበያተኛው እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም።

አንዱን የቻይና ድብድብ፣ «ሃያ ሰው ዘርሮ ላቡን አይጠርግም! የሮቢትን ፀሐይ ይቅመሳትና እንተያያለን» ብለው ጣሉት። ስለ አንድ የኢራን ፊልም ደግሞ፣ «ወሬ የለውም፤ ሆድ ግን ያባባል» አሉ፤ በማግስቱ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዓይኗ አብጦ ዋለ። ቋንቋውን አያውቁም እኮ! «ዓይን ላለው ሰው ትርጉም ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። እስከዚያ የኮሪያ ፊልም ድረስም ተሳስተው አያውቁም፤ ወይም የደረሰባቸው የለም።

ፊልሙ የጥንት ታሪክ ነው። ሁለት ገበሬዎች በመስኖ ውሃ ይጣላሉ፤ የአንዱ ሴት ልጅ የሌላውን ወንድ ልጅ ትወዳለች፤ የልጅቷ አባት አሻፈረኝ ይላል። ልጅቷ ክፍል ገብታ ከሰው ዓይን ትሰወራለች። በመጨረሻ አገሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ አበባ በአበባ የሆነ ባለ ደወል አልጋ በትከሻው ተሸክሞ፣ እየዘፈነ በሩዝ ማሳ መሃል ያልፋል። አባትየው እያለቀሰ ይከተላል።

«ይታያል!» ብለው ፈረዱ እትዬ ሰሊማ። «አባትየው እሺ አለ። ልጅቷን ደብቀው ሲያሳምሯት ሰንብተው፣ በአበባ አልጋ አሽሞንሙነው ወሰዷት።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?» አለ ካሚል።

«ሙሽራ ስትሸኝ የማይለቀስበት አገር አለ? ወይ አንተ፣ ልጅ ድረህ አታውቅ!»

ይህን ሲናገሩ ልባቸው ወንድማቸው አብዱልመሊክ ዘንድ ነበር። ወንድምየው ከሙዐዊያ አባት ጋር በቦይ ውሃ ከተጣሉ ወዲህ፣ ልጃቸው ዓሊያ ሙዐዊያን ካላገባሁ ብላ ብታለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ልጅቷ እህል ከቀነሰች ሰንብታለች። እትዬ ሰሊማ አዝለው ያሳደጓት ናትና አንጀታቸው አረረ። ፍላሹን ይዘው ሄደው የወንድማቸው ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት።

«በል እይ! ኮሪያዊው እንኳ ለልጁ ራርቷል» አሉ።

አብዱልመሊክ እስከ መጨረሻው አዩ። ነጭ ለባሹ መዝፈን ሲጀምር ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ሳይውሉ ሳያድሩ «ሽማግሌ ይምጣ» አሉ። ዓሊያ አክስቷን አቅፋ ጎድናቸውን ልትሰብር ደረሰች። የኒካው ቀን ተቆረጠ።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ካሚል እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ፈላ! ያ ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ መጣ፤ አሁን አየሁት። አልጋው ቃሬዛ ነው! ነጩ የለቅሶ ልብሳቸው ነው። ልጅቷ በሐዘን ታማ ሞታለች፤ አባትየውም እሺ አላለም።»

«ያ ረቢ!» እትዬ ሰሊማ ደረታቸውን ያዙ። «በል አጥፋው! ወንድሜ እንዳያየው!»

«ጠዋት ወሰዱት እኮ። አባትየው ልጁን ሲድር ምን ብሎ እንደመረቀ ልስማ፣ እኔም ለልጄ እለዋለሁ ብለው ሲጠብቁት ነበር።»

እትዬ ሰሊማ ብድግ አሉ። ወንድማቸው መታለል አይወዱም። «በውሸት አግባባሽኝ» ብለው ሰርጉን ቢያፈርሱ ዓሊያ ምን ይውጣታል? ነጠላቸውን እየጎተቱ በዚያ ሐሩር ወደ ወንድማቸው ቤት ገሰገሱ።

አብዱልመሊክ ዓይናቸው ቀልቶ በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ወላሂ አውቄ አይደለም፤ ሰርግ መስሎኝ ነው። የኔን ጥፋት በልጅቷ አትወጣው።»

«ሰውየው እኮ እኔን ነው፣ እታለም» አሉ አብዱልመሊክ። «ቁርጥ እኔን! በቦይ ውሃ እልህ ተጋብቶ ልጁን ቀበረ። የኔም ልጅ በዚያ አልጋ ልትወጣ ነበር። እህል ስትተው እያየሁ ዝም ያልኩ ነኝ።»

«ታዲያ ሰርጉ?»

«ምኑ ይጠየቃል! ይልቅ ሂጂና ነጭ ጀለቢያ ግዢልኝ። እኔስ ለልጄ ሰርግ ልልበሰው።»

እትዬ ሰሊማ እዚያው ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ።

የሰርጉ ቀን ድቤው ከጠዋት ጀምሮ ሲደለቅ ዋለ። ሁለቱ አባቶች በውሃ ተራ እየተቀላለዱ ከአንድ ሳህን በሉ። ዓሊያ አበባ በአበባ ወደሆነችው መኪና ልትገባ ስትል ግን ድቤው ቆመ፤ አብዱልመሊክ በነጭ ጀለቢያቸው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። ከጣርማ በር የወረደ የጭነት መኪና አስፋልቱ ላይ ቀስ አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ነፍስ ይማር! ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ሰርግ ነው!» ብለው ጮኹበት እትዬ ሰሊማ። «ዓይን የለህም?»

ቃሉ ከአፋቸው ሳይርቅ ለራሳቸው ተሰማቸው። ካሚልን አዩት፤ ካሚል አያቸው። ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግድግዳ ተደገፉ። ዓሊያም በመኪናው መስኮት አየቻቸውና፣ ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ፣ ከነእንባዋ አብራቸው ሳቀች።