ገለባዬን ከሰሱት

አውሮፕላን የጣለው የኔ የባንችይርጋ ገለባ ነው ተባለ! ሰው እንዴት ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ይላል?

ሐሙስ ዕለት ነው። ከብልባላ ወረድ ብሎ አንድ ድርጅት ይምርሐነ ክርስቶስን የሚሳለሙ እንግዶች በአውሮፕላን የሚያወርድበት የአፈር ሜዳ አለ፤ አውድማዬ ከዳሩ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ መንሹን የምይዘው እኔው ነኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሣ ገብሴን ማዝራት ጀመርኩ፤ ገለባው ይበራል፣ ፍሬው እግሬ ሥር ይወድቃል። የጥር ነፋስ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፊቱን ያዞራል፤ ይህን የማያውቅ የላስታ ገበሬ የለም።

ልክ በዚያች ሰዓት ያቺ ትንሽ አውሮፕላን መጣች። ልታርፍ ስትል ነፋሱ ድንገት ዞረና አንድ ክንፏን አነሣው። በአንድ ጎማዋ መሬት ነካች፣ ተንገዳገደች፣ ከሜዳው ወጥታ ከእርከኔ ድንጋይ ጋር ተላተመች። መንሹን ጥዬ ሮጥኩ። ነዳጁ እየፈሰሰ አብራሪውን፣ የኮምቦልቻውን ልጅ ያሲርን፣ በኮሌታው ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጁ ተሰብሮ ነበር። ሁለቱ እንግዶች ከመላላጥ በቀር ደህና ናቸው፤ ተመስገን።

በማግስቱ የሜዳው ኃላፊ ፈንታው ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ከች አለ። በልጄ ዕድሜ ሆኖ "አንቺ" ነው የሚለኝ።

"ገለባሽ የአብራሪውን ዓይን ጋርዶታል። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ፈርሚ፤ አውድማውም ወደ ሜዳው ይጠቃለላል።"

አባቴም አያቴም የወቁበት አውድማ! ዙሪያው ሁሉ ተዳፋት ነው፤ እሱን ከወሰዱብኝ ገብሴን የት ልወቃ? ምንስ ልበላ?

"ስማ! ምሰሶው ላይ የሚንጠለጠለው ነፋስ አሳዪ ጨርቅ ከኅዳር ጀምሮ ተቀዶ ወድቋል። ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። 'አንቺ ገብስሽን ጠብቂ' አልነበር ያልከኝ?"

"ጨርቅ አውሮፕላን አይጥልም።"

"ገለባ ግን ይጥላል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ወግድ ከደጄ!"

ሰኞ ከአዲስ አበባ አጣሪ መጣች፤ ማኅሌት ትባላለች። እዚያው አውድማው ላይ ቆመን ፈንታው ተረቱን ደገመላት። ያሲር የተሰበረ እጁን አንገቱ ላይ አንግቶ አቀርቅሯል፤ እንጀራው ከድርጅቱ ነው። ደሜ ፈላ።

"አንተ የኮምቦልቻ ልጅ! እኔን እየኝ። ከዚያ ነዳጅ ውስጥ ጎትቼ ያወጣሁህ አውድማዬን እንድታስነጥቀኝ ነው? ያየኸውን ተናገር!"

ቀና አለ። ፊቱ ቀልቷል።

"እማማ እውነታቸውን ነው። ምሰሶው ባዶ ነበር። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያወቅሁት ከሳቸው ገለባ ነው። ልነካ ስል ገለባው ወደኋላ ተመለሰ፤ መሪዬን ያቃናሁት እሱን አይቼ ነው። ባላየው ኖሮ ገደል ገብተን ነበር። ወላሂ፣ ዓይኔን የጋረደኝ ነገር የለም።"

ማኅሌት ቃሉን ጻፈች፤ ባዶውን ምሰሶ ፎቶ አነሣች። እኔ ያልፈረምኩበትን ወረቀትም ከፈንታው እጅ ተቀብላ ከማህደሯ ከተተች። "አውድማዎን ማንም አይነካብዎትም" ብላኝ ሄደች።

ይሄኔ ፈንታው ጉሮሮውን እየጠራረገ ተጠጋኝ።

"እማማ፣ አዲሱ ጨርቅ እስኪመጣ ድረስ... አውሮፕላን ሲመጣ ትንሽ ገለባ ቢያዘሩልን?"

ለካ "እርስዎ" ማለት ይችላል! ከንዴቴ ብዛት ሳቄ መጣ። ፀሐዩን አየሁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። መንሹን አስጨበጥኩት።

"እንካ፣ ራስህ አዝራ።"

ምን ያድርግ፣ ያሲር እያየው ነው። ዝቆ ወደ ላይ ወረወረ። ነፋሱ ዞረ። እብቁ ዓይኑንም አፉንም ሞላው፤ እያሳለ፣ እየተደናበረ ወደኋላ ሄዶ እዚያው እርከኔ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ።

"ዓይን መጋረድ ማለት ይኼ ነው" አልኩት። "በል፣ አሁን አንተ ፈርም!"