አረንጓዴው ጠርሙስ

ልጅቷ የምትሠራው በሳሙና ፋብሪካ የማስታወቂያ ክፍል ነው። ከወራት በፊት «ለምድር የታሰበ» የሚል አዲስ ፈሳሽ ሳሙና በአረንጓዴ ጠርሙስ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ዋጋው የድሮው አራት እጥፍ ነው ስትላት የእናቷ ዐይን ፈጠጠ። «በዚህ ዋጋ ምድሪቱን ራሷን ሊያጥቧት ነው እንዴ?» ብላ ማጠቢያው ዳር አስቀመጠችው።

እሑድ ዕለት የልጅቷ አለቃ ምሳ ተጋብዞ መጣ። እጁን ሊታጠብ ማድቤት ዘልቆ አረንጓዴውን ጠርሙስ ሲያይ ፊቱ በራ። ጨመቅ አድርጎ አረፋውን አሸተተና፣ «እትዬ፣ የኛ ነገር እኮ ያስታውቃል። እጅ ራሱ ይለየዋል» አለ።

እናት ሳቋን በመዳፏ ስታፍን ልጅቷ ጠረጠረች።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር እስካሁን አላለቀም?»

«ለምን ያልቃል? ባለቀ ቁጥር የናንተኑ ርካሹን ከጄሪካን እየቀዳሁ እሞላዋለሁ። ‹ጠርሙሱን አይጣሉ፣ ደግመው ይጠቀሙበት› ብለሽ ጀርባው ላይ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ?»

አለቃው እጁ አረፋ እንደያዘ ክው አለ። ልጅቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እናት ፎጣ አቀበለችው፤ አፏን መያዝ ግን አልሆነላትም።

«ልጄ፣ እውነት ለምድር ካዘናችሁ ርካሹን አሻሽሉት። እሷን የሚረግጣት ባለገንዘብ ብቻ አይደለም።»

አለቃው ሳቁ አመለጠው። ምሳው በጨዋታ አለቀ። ሊሄድ ሲል ግን ልጅቷ እንዳትሰማው ወደ እናት ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ የኔም ቤት ጠርሙስ ሊያልቅ ነው። ይዤው ልምጣ?»