ያልተሰበረ ኪዩብ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዲና ይማም አንድ የአርማታ ኪዩብ በላቦራቶሪው መጭመቂያ ማሽን ውስጥ አስቀምጣ ጫናውን ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ኒውተን ስታደርሰው፣ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ አንድ ጅምር ሕንፃ ተሰነጠቀ። ኪዩቡም ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቆቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ ከቀኝ ጥግ ይነሳሉ፣ መሃል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ ታች ሳይደርሱ ይቆማሉ።

ይህን ያወቀችው ታናሽ ወንድሟ እንድሪስ ስለደወለላት ነው። እንድሪስ በዚያ ሕንፃ ላይ የአርማታውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ያስራል።

«እትዬ፣ ኮለኑ ተሰነጠቀ» አላት። «ማንም ሳይነካው።»

«የትኛው?»

«ሐ-አራት። ኪዩቡን የላክንልሽ ምሰሶ።»

«መቼ?»

«አሁን። ሲጮህ ሰማነው።»

መዲና ማሽኑን አቆመች። ጠንቃቃ ሴት ነች፤ በአንድ አጋጣሚ የምታምን ቢሆን ኖሮ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አትቆይም ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ሚስማር አነሳችና በኪዩቡ የግራ ጎን ላይ ሁለት ጭረት አቋርጣ ጫረች።

«አሁን ምን ይታይሃል?» ስትል ጠየቀችው።

«መስቀለኛ ጭረት። ክንዴን ያህላል። እትዬ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?»

«ላቦራቶሪ ነኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሰሶ ሲሞላ ከዚያው አርማታ ጥቂት ተወስዶ ጎኑ አንድ ስንዝር በማይሞላ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ መዲና እስኪሰበር ትጨምቀዋለች። የተሰበረበት ቁጥር ስለ ምሰሶው ይመሰክራል። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ሥራው ውስጥ ያሉ ሁሉ የሚያውቁት፣ ነገር ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ሌላ ነገር አለ። ለኪዩቡ የሚሆነው አርማታ ብዙ ጊዜ ለብቻው በጋሪ ይቦካል፤ ሲሚንቶም አይሰሰትለትም። ስለዚህ መዲና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰባበረቻቸው ኪዩቦች ከሕንፃዎቻቸው ጋር ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። እነሱ ሲፈጩ አንድም ሕንፃ አመመኝ ብሎ አያውቅም።

ያለፈው ዒድ ምሳ ላይ ግን መዲና ወንድሟን «አንተ እንኳ ከሚፈሰው ላይ ውሰድ» አለችው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያለችውን ይሰማል። ሐ-አራት ሲሞላም ለኪዩቡ ከሚፈሰው ላይ ወሰደ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ገረመው ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ኪዩቡን አዩት፣ ከዚያ ሰዓቱን አዩ።

«ስንት ላይ ነው ያቆምሽው?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

«ስንት ነው የሚፈለገው?»

«አምስት መቶ ስልሳ። ግን ከቀጠልኩ ምሰሶው ይሰበራል። ሰው አለበት፣ አቶ ገረመው። ወንድሜም አለበት።»

አቶ ገረመው አሰቡበት። ክፉ ሰው አይደሉም። «ካልቀጠልሽ ደግሞ ውጤት የለም» አሏት። «ቅጹ ላይ ‹ሳይሰበር የቀረ› የሚል መስመር አልተሰመረም። እኔም ልጨምርበት አልችልም፤ ቅጹ ከበላይ ነው የመጣው።»

ወዲያው የሳይቱ መሐንዲስ ኢንጂነር ዳግማዊ ደወለ። ቸኩሏል፤ ከጀርባው የአርማታ መኪና ሲያጓራ ይሰማል።

«ወይዘሮ መዲና፣ የላይኛውን ፎቅ ሶሌታ አምስት ሰዓት ላይ ልንሞላ ነው። የሐ-አራት ውጤት ስንት ሆነ?»

«አልሰበርኩትም። ግን ይወድቃል። እባክዎ ሰዎቹን ያውርዷቸው።»

«ያልሰበሩት ኪዩብ አልወደቀም» አለ መሐንዲሱ። እውነቱን ነው፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ተሰብሯል» አለች። «ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ።» በሥራዋ ማሽኑ ያላነበበውን ቁጥር ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ፎቶ ይላኩልኛ።»

ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ የተሰባበሩ ኪዩቦች ተከምረዋል። አንዱን ፎቶ አንስታ ላከችለት። መልሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «የተጻፈበት ቀን የአምና ነው። ደግሞም የኛ አይደለም፤ አሰባበሩ የጠንካራ ነው።» መሐንዲሱ የራሱን አርማታ ያውቃል።

አምስት ሰዓት ላይ ሶሌታውን፣ የላይኛውን ፎቅ የአርማታ ወለል፣ መሙላት ጀመሩ። መዲና ይህን ለማወቅ ስልክ አላስፈለጋትም። የማሽኑ መርፌ ሁለት መቶ አሥር ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁን በራሱ ተነስቶ ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነ። ማሽኑን አጠፋችው። መርፌው ሄደ። ሶኬቱን ነቀለችው። መርፌው አሁንም ሄደ፤ መኪናው አንድ ጊዜ ሲያራግፍ ሃያ ይጨምራል፣ መኪናው ሲመላለስ ያርፋል።

ኪዩቡን አውጥታ ልትገላግለው አሰበች። በሁለት ጣቷ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ስልኩ ጮኸ።

«እንዳትነኪው!» አለ እንድሪስ። «ኮለኑ ተንጋደደ። የላይኞቹ መሬት ተንቀጠቀጠ እያሉ ነው።»

«ውረድ። አሁኑኑ ውረድና ከግቢው ውጣ።»

«ሠላሳ ሁለት ሰው ከላይ አለ እኮ። ነገርኳቸው፤ እህትህ ጠንቋይ ናት እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ብቻዬን ወርጄ ማዶ ቆሜ ልያቸው?»

«እንድሪስ፣ ይዤሃለሁ በእናታችን።»

«በእሷ አትያዥኝ። እንጨት ልደግፍ ነው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አልዘጋባትም፤ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። የመጋዝ ድምፅና ትንፋሹ ይሰማታል። መዲና በዚያች ሰዓት እውነተኛ ሰው አድርጌ ባላሳደግኩት ብላ ተመኘች። ከልቧ ነው የተመኘችው። አካፋ ሰርቆ የሚሸጥ፣ ሥራ ቀርቶ የሚተኛ፣ ኪዩብ ሙላ ሲሉት በጋሪ ለይቶ የሚያቦካ ወንድም ቢኖራት ኖሮ ዛሬ ልቧ አይሰቀልም ነበር።

ድጋፉ ሲቆም መርፌው አምስት ቀነሰ። ቀጣዩ መኪና መጥቶ ሃያ ጨመረ።

ሦስት መቶ ሰባ ላይ ስንጥቁ ታች ደረሰ። የኪዩቡ ጎኖች ወደ ውጭ ማበጥ ጀመሩ፤ ከጥጉ ፍርፋሪ ረገፈ። መዲና ይህን መልክ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ ኪዩብ ከሦስት መቶ ዘጠና አያልፍም። አርማታ ሲጨመቅ ወደ ታች አይሰበርም፤ ወደ ጎን ይፈነዳል። ለዚህም ነው ምሰሶ ውስጥ ፌሮው ዙሪያውን ስታፋ በሚባል የብረት ቀለበት የሚታሰረው። ዙሪያውን የያዘው ካለ፣ ሊሰበር የነበረው አርማታ ሳይሰበር ይቆያል። የወንድሟ ሥራ ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስታፋ ሲያስር ይውላል።

ከማሽኑ በላይ «እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የጻፈችው ራሷ ናት። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ሁለት ጣቱን ማሽኑ ውስጥ ትቶ ነው ጡረታ የወጣው።

ስልኩን ማሽኑ አናት ላይ ድምፁን ከፍታ አስቀመጠችው። የመከላከያውን በር ከፈተችና ሁለት እጇን አስገባች። ኪዩቡን ከግራና ከቀኝ አቅፋ፣ ጣቶቿን ዙሪያውን ጠምጥማ ጨበጠችው። ሞቅ ያለ ነበር።

መርፌው ሦስት መቶ ዘጠና ደረሰ። መዲና ዓይኗን ጨፈነች። መዳፏ ውስጥ አንድ ነገር ሊወጣ ሲገፋ ተሰማት፤ እሷም ገፋችው። ዓይኗን ስትገልጥ መርፌው አራት መቶ አምስት ላይ ነበር።

«እትዬ» አለ እንድሪስ ከስልኩ ውስጥ። «ኮለኑን የሆነ ነገር ያዘው።»

«ምንድን ነው?»

«ጣት ነው።»

«ስንት?»

እስኪቆጥር ጠበቀችው። «አሥር» አለ። «ከራሱ ከአርማታው ነው የወጣው። እያንዳንዱ ክንዴን ያህላል።»

«ደህና ነው» አለች። «ይዤዋለሁ፤ ሥራችሁን ቀጥሉ።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ሶሌታው ሞልቶ አለቀ። መርፌው አራት መቶ ስልሳ ላይ ቆመ። ከመዲና ጣቶች ሥር የሚወርደው ላብ የአርማታውን ብናኝ አቡክቶት ጭቃ ሆኗል። አቶ ገረመው ቅጹን ይዘው ገቡና አጠገቧ ቆመው ሞሉት።

«አልተሰበረም። ያልተሰበረ አልወደቀም፤ እንግዲህ አልፏል ማለት ነው» አሉና ማኅተሙን መቱበት። ከዚያ እጇን አዩ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«አዲሱ ሶሌታ ጠንክሮ ራሱን እስኪችል።»

«ሃያ ስምንት ቀን ነዋ። የዓመት ፈቃድሽ ስንት ቀርቶሻል?»

«አሥራ ስድስት።»

አቶ ገረመው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከልብ አዝነውላታል። አንድ ወንበር አምጥተው ከኋላዋ ካስጠጉላት በኋላ ምሳ ወጡ።

መዲና ተቀምጣ ቆየች። ድንገት ግራ አውራ ጣቷ ላይ ቀላል ክብደት አረፈባት፤ ጃኬት የሚያህል። ቀጥሎ ሌባ ጣቷ ላይ ሌላ መጣ፤ ይሄኛው ይወዛወዛል፣ ውስጡ ምግብ ያለበት ሳህን ይመስላል። ግራ እጇን ስታየው ምንም አልተንጠለጠለበትም።

ስልኩ በምስል ጠራ። ከወንበሩ ተነስታ በአፍንጫዋ ጫፍ ተጭና አነሳችው። የእንድሪስ ፊት መጣ፤ አቧራ ለብሷል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«ሁሉም ወርደዋል። ማንም አልተጎዳም። እዪ!» አለና ስልኩን አዞረላት።

ሠላሳ ሁለቱም ሠራተኞች ፀሐዩን ሸሽተው ከአዲሱ ሶሌታ ሥር ተቀምጠዋል። በግቢው ውስጥ ሌላ ጥላ የለም። ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። መሃላቸው ምሰሶ ሐ-አራት ቆሟል። አሥሩ ጣቶች ዙሪያውን ጨብጠውታል፤ ግራጫ ናቸው፣ መገጣጠሚያቸው ላይ የሷው ሽብሽብ አለ፣ ጥፍሮቻቸው የሰው መዳፍ ያህላሉ። ጃኬቶችና የምሳ ዕቃዎች ተንጠልጥለውባቸዋል።

«ውጡ በላቸው» አለች መዲና። «እንድሪስ፣ ከዚያ ሥር አስወጣቸው። መያዝ ሊያቅተኝ ይችላል።»

«ምን አልሽ? ይቆራረጣል።»

ከእንድሪስ በስተጀርባ አንድ አናጺ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። ትከሻው ላይ የመብራት ገመድ ጠምጥሟል፤ ከንፈሮቹ መሃል ሦስት ሚስማሮች ይዟል። ገመዱን የሚሰቅልበት ቦታ እየፈለገ ምሰሶውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። አርማታው ለሚስማር አይመችም። ትንሽ ከፍ ብሎ ለስለስ ያለ ቦታ አገኘ።

«ያንን ሰውዬ አስቁመው!» ብላ ጮኸች። «ከኋላህ! እንድሪስ!»

ኔትወርኩ ተያዘ፤ ምስሉ ቆመ። ወንድሟ አፉ በሳቅ እንደተከፈተ ቀርቷል። ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች ከሥር ይበላሉ። ሚስማሩ ምሰሶውን በጨበጠው ቀኝ እጅ የመሃል ጣት መገጣጠሚያ ላይ ተደግኗል፤ መዶሻው ከአናጺው ትከሻ በላይ ነው። ስክሪኑ መሃል ትንሽ ነጭ ክብ ትዞራለች። መዲና ጣቶቿን ይበልጥ አጠበቀች።