ብርማው ቀለም

ቀለም ቀቢ ነኝ። ጡረታ ወጥተሃል ይሉኛል፤ የቀለም ቀቢ ጡረታ ግን መሰላል የሚይዝለት ሰው ማጣት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሳሳምር ኖሬ አንድም ቀን «ይፋቅ» የተባለ ሥራ አልነበረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ንዴቴ ከየት እንደሚነሳ እንዲታወቅልኝ ነው።

ልጄ አንቴና ትሠራለች። ቴሌቪዥን የሚያሳየውን አይደለም፤ ሁለት ሩቅ ቦታዎችን ያለ ሽቦ የሚያገናኘውን ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት ሁለት እጇን አፏ ዳርና ዳር አድርጋ፣ «አባዬ፣ ማዶ ያለ ሰው ስትጠራ እንዲህ ታደርግ የለ? ጉልበት አልጨመርክም፤ ድምፅህን ወደ አንድ ወገን ሰበሰብከው እንጂ። የእኔም አንቴና እንደዚያ ነው» አለችኝ። ገባኝ። ለወራት የምግብ ጠረጴዛችንን በመዳብ ቁርጥራጭ ሞልታው ነበር። አንዱን ቁራጭ የጥፍር ጫፍ ታህል ታሳጥረዋለች፤ ኮምፒውተሯ ላይ ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ፣ ቅጠል የመሰለ ሥዕል ይመጣል። ቅጠሉ ወደፊት ሲረዝምና ጎኑ ሲከሳ ትስቃለች፤ ወደኋላ ሲያብጥ ደግሞ ሳህኗን ገፍታ ትነሳለች። እኔም ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መብላት ለመድኩ።

አንቴናው የተሠራው ለከተማው ሆስፒታል ነው። ጣራው ላይ ቆሞ ከሐይቁ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ይነጋገራል፤ እዚያ ያለችው አዋላጅ ስትቸገር እዚህ ያለው ሐኪም በስክሪን እያየ ይመክራታል። ደግ ሥራ ነው። ደግ ሥራ ደግሞ አለቃ አያጣም። የልጄ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከክፉም የባሰ ነው፤ መታየት ይወዳል።

ምረቃው ሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ዕለት ደወለልኝ። «አባት፣ እንግዶች አሉብኝ። የልጅዎ አንቴና ነጭ ፕላስቲክ ለብሶ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መስሏል። ብርማ ቀለም ይቀቡልኝ፤ ከሩቅ ያብረቅርቅ።»

ልጄ ያን ቀን ማዶ ተሻግራ የዚያኛውን ወገን እያስተከለች ነበር። «እሷስ ምን አለች?» አልኩት። «ሳታስበው ደስ ይበላት» አለኝ። «ቀለሙ አይጎዳውም?» ብዬም ጠይቄያለሁ፤ እግዜር ያውቃል። «ሽፋኑ ነው እኮ አባት፤ ውስጡን ማን ነካው?» አለኝ።

ብሩሼን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። የልጄን ሥራ በእጄ ማሳመር ለአባት ትንሽ ነገር ነው? ሦስት እጅ ቀባሁት፤ ፊቴን እስካይበት ድረስ።

ሰኞ ዕለት እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዙ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። አንቴናውን ጣራ ላይ የሰቀለውና ያነጣጠረው ድመቱ የምንለው ሠራተኛ ነው። ይህን ስም ያወጡለት ምሰሶ ላይ አወጣጡን ያዩ ሁሉ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በእንግዶቹ ፊት ስላፈረ አንድ ተጠያቂ ያስፈልገው ነበር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ድመቱ ላይ ወረደበት። «አቅጣጫውን ስቶ ነው» አለ። ይህ አልበቃው ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አፉም ይሸት ነበር» ብሎ ጨመረበት። ድመቱ መጠጥ የሚባል በአፉ አይዞርም። ኮሚቴ አርብ እስኪቀመጥ ድረስ ከሥራ ታገደ፤ አርብ ደግሞ እንደሚባረር በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል።

ልጄ ማክሰኞ ተመለሰች። «ቀለሙን አየሽው?» አልኳት፤ ምስጋና እየጠበቅኩ። «አየሁት አባዬ፤ ያምራል» አለችና ክፍሏ ገባች። ደክሟት ነው አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድመቱ ራሱ ቤታችን መጣ። ተቀመጥ ብንለው እንቢ አለ።

«ኢንጂነር፣ ልጣላሽ አይደለም የመጣሁት» አላት። «የት ላይ እንደተሳሳትኩ ንገሪኝና ልወቀው። በኮምፓስ አነጣጠርኩት፤ በመለኪያው ደግሞ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ ፈለግኩት። ግራ ባዞረው ቀኝ ባዞረው ያው ዝም ነው። ጥፋቴን ሳላውቅ እንዴት ኮሚቴ ፊት ልቁም?»

ልጄ አንድ የመዳብ ቁራጭ እያገላበጠች፣ «እኔም ገና እያየሁት ነው» አለችው። እሷ ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። እሱ ወጣ፤ እኔ በሩን ዘጋሁ።

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«ተወኝ አባዬ።»

«አልተውሽም።»

ቁራጩን አስቀመጠች። «ቀለሙ ነው። ብርማ ቀለም የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ዱቄት ስላለበት ነው። ሦስት እጅ ስትቀባው አንቴናው አፍ ላይ ቆርቆሮ እንደመግጠም ነው። ድመቱ ወደ ሰማይ ቢያዞረው ወደ መሬት ቢያዞረው ለውጥ የለውም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት። ማክሰኞ ጣራው ላይ ወጥታ ዓይኗ እንዳረፈበት አውቃለች። ለሥራ አስኪያጁ ነግራዋለች፤ እሱም፣ «ቀለም ብለሽ ካነሳሽ አባትሽ ሳላዘው ገብቶ ቀባ እላለሁ፤ ምረጪ» ብሏታል። ቀለል አድርጎ ነው ያላት፤ ሰው «ሻይ ወይስ ውሃ?» ብሎ እንደሚጠይቀው።

«በዚህ ዕድሜህ መሳቂያ እንዲያደርጉህ አልፈለግኩም» አለች። «ለአንተ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ለእኔ ብለሽ የሰው ጉሮሮ ልትዘጊ? ማን ለመነሽ? ለእኔ ካሰብሽ ማክሰኞ ማታ ‹አባዬ፣ አበላሸኸው› ማለት ነበር። አንዲት ቃል! እኔ ስህተቴ የማይነገረኝ ንጉሥ ነኝ? ያን ያህል ኩሩ ነኝ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ነህ» አለች።

እውነቷን ነው። ይህን ያህል ዓመት ሥራዬ ተፍቆ አያውቅም እያልኩ ማን ደፍሮ ይንገረኝ? ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም፤ ሌሊቱን ቀለም የምፍቅበት ብርጭቆ ወረቀት ስመርጥ አደርኩ ማለት ይቻላል።

አርብ ጠዋት ሳይጠሩኝ ኮሚቴው ክፍል ገባሁ፤ ልጄ ከኋላዬ። ድመቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወንበር እንኳ አልሰጡትም። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ «አባት፣ ይሄ እኮ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አለኝ።

«ቴክኒኩን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ቅዳሜ ደውለህ ቀባ ያልከኝ ደግሞ አንተ ነህ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር።»

የቀረውን ልጄ ተናገረች። ምንም አልደበቀችም፤ ማክሰኞ ማወቋን ጭምር። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «እንግዲያው ወጥተን እንየው» አለች።

ጣራው ላይ መሰላሉን የያዘልኝ ድመቱ ነው። ፋቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም፤ የገዛ እጄን ሥራ ክንዴ እስኪዝል አወረድኩት። ብርማው ዱቄት ጢሜ ላይ፣ ጫማዬ ላይ ወረደ። ልጄ መለኪያውን ይዛ ቁጥሩን ትከታተላለች። ግማሹን ስጨርስ ቁጥሩ ተነሳ፤ ሁሉንም ስጨርስ ከማዶ አዋላጇ ደወለች፤ «አየናችሁ» አለች። አንቴናው ያነጣጠረው መጀመሪያም ወደ ትክክለኛው ቦታ ነበር። አንድ ብሎን እንኳ አልተነካም።

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አየውና፣ «እንዲህ ተዥጎርጉሮ ነው ለእንግዳ የምናሳየው?» አለ። ከዚያም እጁን አጨብጭቦ፣ «እሺ፣ እግዱ ተነስቷል፤ ሁላችንም ተምረናል» ብሎ ወረደ። ሁላችንም! ሲበላሽ የአንድ ሰው ጥፋት ነበር፤ ሲጋለጥ የሁላችን ሆነ። እስከ ዛሬ ያንን ወንበር እንደያዘ ነው።

ልጄ ወደ ድመቱ ቀርባ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። እሱ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር።

«ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ ‹እውነቱን ንገረኝ፣ ጠጥተህ ነበር?› አለችኝ» አላት። «ማልኩላት። ሦስት ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ አደረች። ይቅርታሽን ለእሷ ነው የምትነግሪው። አሁን።»

ያኔውኑ ሄድን፤ ሦስታችንም። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ብርማ ጢሜን ይዤ ተከተልኩ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚስቱ በሩን ከፍታ እኛን ስታይ የመጣንበትን አወቀች መሰል፣ መጎናጸፊያዋን ሰበሰበች።

«ባለቤትሽ አልጠጣም፤ አልተሳሳተምም» አለቻት ልጄ። «ጥፋቱ ቀለሙ ነበር። እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

የሴትየዋ ፊት ወዲያው በራ። «እሰይ! ኧረ እሰይ!» አለች፤ ልጄን ስማ ልታስገባት እጇን ሳበቻት። «ግቡ እንጂ፣ ደረጃ ላይ አትቁሙ።»

ድመቱ አልገባም። የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ሚስቱን አያት።

«እኔ በልጆቼ ስምል አላመንሽኝም» አላት። «እሷ አንዴ ስትናገር አመንሽ።»

ሴትየዋ የልጄን እጅ ለቀቀች። እኛም ግቡ የተባልንበት በር ላይ እንደቆምን ቀረን።