የስፌት መኪናው ዝውውር

የልብስ ስፌት መኪናው ከልምምድ አዳራሹ መስኮት ሥር ተነስቶ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ እንደሚዛወርና ዝውውሩም ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ የሚጸና መሆኑን ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚያሳውቅ ደብዳቤ፣ በሥራ አስኪያጁ ተፈርሞና ክብ ማኅተም አርፎበት፣ በቲያትር ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ግልባጩ ለልብስ ክፍል ተመርቷል። የልብስ ክፍል የሚባሉት እትዬና መኪናቸው ብቻ ናቸው። እትዬ ግልባጩን አንብበው አጣጠፉና ልብስ ለመቅደድ ከሚለኩባቸው አሮጌ ጋዜጦች ጋር አኖሩት።

መኪናው አዳራሹ ውስጥ የገባው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የልብስ ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ «ለጊዜው» ተባለ፤ ጊዜው እስካሁን አላለቀም። በዚህ መሀል አንድ ነገር ተለመደ። እትዬ እየሰፉ ልምምዱን ይሰማሉ። ትዕይንቱ እውነት እውነት ሲሸት መኪናው ትር ትር ማለቱን ይቀጥላል፤ ተዋናይ ማስመሰል ሲጀምር ግን የእትዬ እግር መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፣ የተስማማበትም የለም። ብቻ መኪናው ሲቆም ተዋናዮቹ ያቆማሉ፤ የተበላሸውን አውቀው እንደገና ይጀምራሉ። አራት አዘጋጆች በዚህ መልክ ተሸልመው፣ ስለ ጥበባቸው ቃለ መጠይቅ ሰጥተው፣ ወደ ተሻለ ሥራ ሄደዋል።

የአሁኗ አዘጋጅ የእትዬ የእህት ልጅ ናት። በወረቀት ላይ ሌላ ስም አላት። ነገር ግን ልጅ ሆና የጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ እየተኛች ስላደገች፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት እንኳ ሁሉም ሚጡ ይሏታል። ለዓመታት ረዳት ሆና ስታገለግል ቆይታ፣ ራሷ የምታዘጋጀው ቲያትር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚጡ ለጀማሪ አዘጋጆች በሚሰጠው ፌሎሺፕ ተወዳድራ ከመቶ ምናምን ሰው መሀል የመጨረሻዎቹ ሦስት ውስጥ ገብታለች። ያሸነፈ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት የራሱ መድረክና የራሱ ተዋናዮች ይኖሩታል። ያላሸነፈ ወደ ረዳትነቱ ተመልሶ የሌላ ሰው ቲያትር ላይ ወንበር ያደላድላል። የዕድሜ ጣሪያው ሠላሳ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት እሞክራለሁ ማለት የለም።

ማመልከቻው ላይ «በልምምድ ጊዜ የማንን አስተያየት ይቀበላሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ሚጡ «የማንንም፤ ውሳኔው የእኔ ብቻ ነው» ብላ ጻፈች። የጻፈች ቀን እውነት መስሏት ነበር። ዳኞቹ ሰኞ መጥተው ልምምድ ያያሉ ሲባል ግን የእትዬ መኪና ትዝ አላት።

መጀመሪያ የታሰበው እትዬ እቤታቸው እንዲውሉ ነበር። ዓርብ ዕለት ተሞከረ። ዋናው ተዋናይ ዕድሜ ልካቸውን የወታደር ሚና ስለተጫወቱ ጋሽ ሻምበል ነው የሚባሉት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁለት መስመር ተናገሩና ቆሙ።

«እየሄድን ነው ወይስ ቆመናል?» ብለው ጠየቁ።

ዞረው ባዶውን የእትዬን ወንበር አዩ።

ስለዚህ እትዬ እንዲመለሱ፣ መኪናው ግን ዳኞቹ እንዳያዩት ከአንድ አሮጌ ቲያትር ከተረፈ የሸራ ግድግዳ ጀርባ እንዲሆን ተወሰነ። ደብዳቤውም የተጻፈው ለዚሁ ነው። እትዬ የፈለገው ቢመጣ ላያቆሙ ቃል ገቡ። የፈለጋችሁትን ዋሹ፣ እኔ እሰፋለሁ አሉ፤ ለዚህም ብለው ማለቂያ የሌለውን የትልቁን መጋረጃ ጠርዝ ለሰኞ አቆዩ።

ሰኞ ሁለት ዳኞች መጡ፤ ሰብሳቢዋና አንድ ሃያሲ። ሃያሲው ቲያትር የሚያዩት ዐይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ድምፁን ለማጣጣም ነው ይላሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ዐረፈ። ሰብሳቢዋ ግን ዐይናቸው ንቁ ነው፣ ጆሯቸውም እንደዚያው።

«ይሄ ትርትርታ ምንድን ነው?»

«የቲያትሩ ድምፅ ነው» አለች ሚጡ። «ጊዜ... ጊዜ ሲሄድ ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ እንዳሰበበት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢዋ «ደፋር ምርጫ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ቁልፉ ያለበት ትዕይንት ደረሰ። አባት ከቤት ሊወጣ ሲል ለተጣላት ልጁ የቤቱን ቁልፍ ይሰጣል። ጋሽ ሻምበል ቁልፉን በሁለት እጃቸው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ሜዳሊያ እንደሚሸልም ሰው ይዘረጋሉ። ይህ ነገር ሚጡን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጎረብጣት ከርሟል። መኪናው ግን እዚህ ቦታ ላይ አንድ ቀን ቆሞ ስለማያውቅ፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ ብላ ውጣዋለች።

ቁልፉ አየር ላይ እንዳለ መኪናው ቀጥ አለ።

ጋሽ ሻምበልም ዐረፍተ ነገሩን ግማሹ ላይ ትተው ቀጥ አሉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ተመልሰው በሩ ጋ ቆሙ። ልጃቸውን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ያፈሰሰችውን እንባ በእጅጌዋ ጠራርጋ እንደ አዲስ ተቀመጠች። ጸጥታው የቀሰቀሳቸው ሃያሲ ዐይናቸውን ገልጠው «ግሩም» አሉ፤ ምኑን እንደሆነ አልተናገሩም።

ሚጡ ዳኞቹን ረሳቻቸው። መኪናው ቆሟል፤ እንግዲያው ጉርበጣው የእሷ ጥፋት አልነበረም።

«ጋሼ፣ አይስጧት» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ጣል ያድርጉትና ጫማዎን ይሰሩ። አንቺ ደግሞ እንዳትነኪው። በሩ ሲዘጋ ነው የምታነሺው።»

«ንግግሬስ?» አሉ ጋሽ ሻምበል። ቁልፉን ሲሰጡ የሚሏቸውን ሦስት መስመሮች በጣም ይወዷቸዋል።

«ይተዉት።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም ጋሼ።»

ጋሽ ሻምበል ሰው እንደሞተባቸው ተንፍሰው ጀመሩ። ቁልፉን ጣሉት። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ያዙ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አለና ክሩ ሁለቴ አመለጣቸው። ተዋናይቷ ልትረዳቸው ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ይህን እንድታደርግ ያላት አልነበረም። በሩ ተዘጋ። ቁልፉን አንስታ ጨበጠችው፤ ያን ሁሉ እንባ አንዱንም አላወጣችውም። ሃያሲው አሁን ቀና ብለው ተቀምጠዋል። የሰብሳቢዋ ብዕር ቆሟል።

ሚጡ ደስ ብሏት፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ወደ መኪናው ዞረች።

«እሺ እትዬ፣ አሁንስ ልክ ነው?»

ካለች በኋላ ነው ማን እንደተቀመጠ ትዝ ያላት። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ከጉልበታቸው ላይ ማመልከቻውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ከሸራው ግድግዳ በላይ የእትዬ ራስ ብቅ አለ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ የክር ጫፍ በከንፈራቸው ይዘዋል።

«ምኑ?» አሉ።

«አሁን የሠራነው። አስቁመውን አልነበር?»

«እኔ? ኧረ ልጄ፣ ምኑንም አላየሁት። ክር ተበጥሶብኝ የመርፌዋን ቀዳዳ ፍለጋ ላይ ነኝ።»

የእትዬ ራስ ተመልሶ ወረደ። ጋሽ ሻምበል በሩን ከፍተው ገቡ። እሳቸውና ተዋናይቷ ድምፅ ወዳጣው ግድግዳ ትንሽ አዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ሚጡ ዞሩና ቀጥሎ የምትለውን መጠበቅ ጀመሩ።