እጅ አይዘፍንም

ወንድሜን መርጌታ ኃይለ ሚካኤልን በሰው ፊት «አንቱ» እለዋለሁ። ቤት ስንገባ ግን በጀርባዬ ታዝሎ ያደገ መሆኑን አልረሳለትም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ግቢ እንኖራለን። እሱ ደቀ መዛሙርት ያስተምራል፣ እኔ ሀብትነሽ በርበሬ እነግዳለሁ። ምላሴን የሚያሙ ሰዎች ነገሩን ከሸቀጤ ጋር ያያይዙታል፤ እኔ ግን ገና በርበሬ ሳልነካም እንዲሁ ነበርሁ። የወንድሜ ሚስት ገና በወጣትነቷ ስታርፍ ትታት የሄደችውን አንዲት ልጅ፣ ውዳሴን፣ ሁለታችን አሳደግናት። እሱ በጸሎት፣ እኔ በቁጣ።

ውዳሴ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ትመታለች። ብዙ ልጆች ይመታሉ፤ የሷ ግን ሌላ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦቱን አጅበው ሲሄዱ ሰዉ ሳያስበው እግሩን ከሷ ምት ጋር ሲያገጣጥም በዓይኔ አይቻለሁ። መንገዱ ገና እንደ ልብ ያስኬድ በነበረበት በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከሕዝቡ መካከል ጸጉሩን እንደ ባሕታዊ ያሳደገ አንድ ጎረምሳ ዓይኑን ከእጇ ላይ ሳይነቅል ሲከተላት ዋለ። እኔም ነገሩ ሌላ መስሎኝ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

ሌላ አልነበረም። ናሁሰናይ ይባላል፤ ቡሬ ካምፓስ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ከጓደኛው ከተስፋው ጋር በወንዛችን ስም «ላህ» የሚሉት የሮክ ባንድ አቋቁመዋል፤ ሁለቱም ጊታር ይጫወታሉ፣ ናሁሰናይ ይዘፍናል። ድራም የሚመታላቸው ልጅ ባጃጅ ተገልብጦበት ክንዱ ተሰብሯል። በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ማንኩሳ፣ ቡሬና ባሕር ዳር ሊጫወቱ ቀን ቆርጠዋል፤ የሚመታ ሰው ግን የላቸውም። በማግስቱ ሁለቱም ነጠላ ተውሰው፣ አጣፍተው፣ ውዳሴ እንድትመታላቸው ሊለምኑ ወንድሜ ደጃፍ መጥተው ቆሙ።

ወንድሜ ሮክ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ተስፋው በስልኩ አሰማው። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣ ሰውዬው ምን ጠፍቶበት እንደዚያ እንደሚጮህ ማወቅ ፈለገ። እንግዲህ ያባርራቸዋል ብዬ ስጠብቅ አላባረራቸውም። እሱ ራሱ በውዳሴ ዕድሜ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ከደብር ደብር ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ልጅ ካልዞረ እንደማይበስል ያውቃል። ሴት ልጅ ትዙር ለማለት ግን መንገድ መፈለግ ነበረበት፤ የሊቅ ነገር ሆኖ አገኘው።

«ከበሮውን እኛም በማኅሌት እንመታዋለን» አለ። «እጅ አይዘፍንም፤ የሚዘፍን አፍ ነው። አፏን ዘግታ መምታት ከቻለች ትሂድ። አፏን የከፈተች ዕለት ግን ትመለሳለች፤ ዘንድሮ ዳግመኛ ከባንድ ጋር አትወጣም።»

ውዳሴ ሳታቅማማ እሺ አለች። ዋስ ጥሪ ሲባል ዞራ ያየችው እኔን ነበር። አብሬያት ልሄድ፣ አፏን ልጠብቅ፣ በጊዮርጊስ ስም ማልሁ። መሐላ ደግሞ ልብ ሲሞቅ ይቀላል። በእኛ አገር ከበሮ የያዘች ሴት አውራጅ ናት፤ እሷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ከበሮውን ለአንዷ፣ ዘፈኑን ለሌላዋ የሚያካፍል ሠርግ አይቼ አላውቅም። ባሌ እስኪሞት ድረስ እኔው ራሴ የሰፈሩ አውራጅ ነበርሁ። እንዲህ እያወቅሁ ነው እጅና አፍን ለይቼ ላኖር ዋስ የሆንሁት፤ ወንድሜም እንዲሁ እያወቀ ነው የተቀበለኝ።

ማንኩሳ ላይ የተጫወቱት በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ነው። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ከንፈሯን ስጠብቅ ዋልሁ። ሞንታርቦው ያንባርቃል፣ ጊታሩ ይጮሃል፤ እኔ ከንፈሯን አያለሁ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር ተነሥቼ ወጣሁና መፋቂያዬን አፏ ውስጥ ሰካሁት። እሱን ነክሳ እስከ መጨረሻው መታች። ሰዉ የባንዱ ፋሽን መሰለው። በማግስቱ ከከተማው ስንወጣ የማንኩሳ ልጆች መፋቂያ ነክሰው ጀሪካን ሲደበድቡ አየን። ናሁሰናይ ሚኒባሱ ውስጥ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ ውዳሴ ግን አልሳቀችም።

ቡሬ እንደደረስን ባረፍንበት አልጋ ቤት ነገረችኝ። ማንኩሳ ላይ እጇ የመታው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ይቆም ነበር አለች። «አይዞሽ፣ ቡሬና ባሕር ዳር ብቻ ናቸው የቀሩሽ» አልኋት። ባሕር ዳርን ሳነሣ ፊቷ በራ። ትልቅ መድረክ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሙዚቀኞችም አሉበት። ናሁሰናይ ከመካከላቸው አንዱ የሷን ምት በስልክ ሰምቶ በአካል ሊያያት መፈለጉን ነግሯታል። በሕይወቴ የምፈልገው ይኼንን ነው አለችኝ። እንዲህ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቡሬ ላይ አፏን እንድትዘጋ ከወንድሜ ይልቅ እኔ ፈለግሁ።

የቡሬው ዝግጅት ከምሳ በኋላ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ተማሪው፣ የእህል ነጋዴው ልጅ፣ ከገጠር ለገበያ የመጣው ጎልማሳ ሳይቀር ሞልቶታል። ሦስተኛው ዘፈን አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ። ጊታሩ ድምጹ ተቋረጠ፣ ማይኩ ዝም አለ። ጀነሬተሩን ሊያስነሡ ሞከሩ፤ እንቢ አለ። ናሁሰናይ በባዶ ጉሮሮው ሊቀጥል ቢጀምር ከፊት ካለነው አላለፈም። ከኋላ ፉጨት ተነሣ፣ ሰዉ ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ናሁሰናይ ማይኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ መሰለ፤ አንጀቴን በላው።

በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነገር አልተቋረጠም፤ የውዳሴ ምት። ድራሙን ትታ፣ ከቤት ይዛው የመጣችውን ከበሮ አንገቷ ላይ አጥልቃ ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣች። የሠርግ ምት ነበር የምትመታው። ያን ምት የማያውቅ በአዳራሹ ውስጥ ማን አለ? የሚወጣው ሰው ቆመ። ፉጨቱ ቀረ። ሁሉም ዞሮ አያት፤ ምቱን ተከትሎ የሚመጣውን ድምጽ ይጠብቃል። ከበሮ እየተመታ አውራጅ ዝም የምትልበት አገር አይደለማ!

እሷ ደግሞ እኔን አየችኝ። ፈቃድ የምትለምን መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ልመና አልነበረበትም። ይቅር በይኝ የምትል ነበር የምትመስለው። መፋቂያውን ከአፏ አወጣች። ባሕር ዳርን እያሰብሁ ራሴን ነቅንቄ «ተይ» አልኋት። አልተወችም። እዚያው የፈጠረችውን እዚያው አወጣችው፦

«እናቴ የለችም፣ በሩን ማን ይክፈትልኝ፣
አክስቴ ተነሽና መንገድ ልቀቂልኝ።»

ድምጿ ይህን ያህል እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። እናቷን በአደባባይ ስትጠራም ሰምቼ አላውቅም። ምን እንደሆንሁ አልነግራችሁም፤ ብቻ ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ነጠላዬ ወድቋል። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያልወጣ ድምጽ ከእኔ ከጠባቂዋ ወጥቶ ተቀበላት። እኔን ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ናሁሰናይና ተስፋው ጊታራቸውን ወደሷ ዜማ አስገቡት፤ ማንም ወደ በሩ የሚያይ አልነበረም። ደስ አለኝ። በሞት የተለየኝን ሁሉ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ዋስ መሆኔ ትዝ ያለኝ ሰዉ አጨብጭቦ ሲበተን ነው።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ መኪናው ውስጥ ምክር በዛ። ተስፋው መዝሙር ነበር እንበል አለ። ናሁሰናይ ደግሞ መብራት ስለጠፋ እንደ ዝግጅት አይቆጠርም፣ ማይክም አልያዘችም የሚል ነገር አመጣ። እኔም ከሁለቱ የባሰ ሰበብ እያሰላሰልሁ ነበር። የጎጃም ሴት ነኝ፤ ነገርን በሰም ሸፍኜ ማቅረብ አያቅተኝም። ውዳሴ በመስኮት የታጨደውን የጤፍ ማሳ ስታይ መጣች፤ አንድም ቃል አልተናገረች።

ወንድሜ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደቀ መዛሙርቱን አሰናበታቸው። ልማዱ ነውና መጀመሪያ የጠየቀው ዋሷን ነው። እኔም ስለ መንገዱ፣ ስለ ቡሬ ገበያ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ጀመርሁ። ገና ወሬዬን ሳልጨርስ ልጅቱ ፊቱ ቆመች።

«አባየ፣ ቡሬ ላይ ዘፍኛለሁ።»

ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ማን ተቀበለሽ?» አላት።

 የራሷን ተናግራለች፤ እኔን አሳልፋ ልትሰጥ አልፈለገችም። «እኔ ነኝ» አልሁት። ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ፤ ሳቁን ይደብቅ፣ ሌላ ነገር ይደብቅ አላወቅሁም። ወንድሜ እኔ ስዘፍን እያጨበጨበ ያደገ ልጅ ነው። ምን ብላ እንዳወጣች ጠየቀኝና ነገርሁት። እናቷ የተጠራችበት ላይ ስደርስ እንድደግምለት አዘዘኝ፤ ደገምሁለት። 

«እውነቱን ሳትጠየቂ ነግረሽኛል» አላት በመጨረሻ። «የተናገርሁትን አንሥቼልሻለሁ። ባሕር ዳርም ሂጂ፤ አፍሽንም እኔ አልዘጋውም።»

እልል ልል አፌን ከፍቻለሁ። መርጌታ ቃሉን ሲያነሣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ውዳሴ ግን ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፤ ቀና ስትልም ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባየ። እርስዎ ቃልዎን አንሥተውልኛል፤ የእኔ ቃል ግን አለ። እትየ ዋስ ሆነች እንጂ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። ቡሬ ላይ አፌን ስከፍት ባሕር ዳር እንደሚቀርብኝ አውቄ ነው የከፈትሁት። ዘንድሮ እቀራለሁ። በሚመጣው ዓመት ግን እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ዋስ አልጠራም፤ አልዘፍንም ብየም ቃል አልገባም።»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔና ወንድሜ ተያየን። ተቆጥቼ ተከተልኋት፤ ምን ዓይነት ድድብና ነው፣ አባትሽ የሰጠሽን ትመልሻለሽ ወይ እያልሁ ጮህሁባት።  ልጆቹም መጥተው ለመኑ፤ ናሁሰናይ ከደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ሁሉ ነበር። እሷም ከሰንበት ትምህርት ቤቷ አንድ ልጅ መርጣ፣ የማንኩሳውን ምት በደንብ እንዲያስጠኑት አስጠንቅቃ ሰጠቻቸው።

ባንዱ ባሕር ዳር በተጫወተበት ቅዳሜ ውዳሴ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ ዋለች። የአባቷን ጋቢ እያሸች እንባዋ ገበቴው ውስጥ ይንጠባጠባል። አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልሁ። መጸጸቷን ጠየቅኋት። «ያንገበግበኛል፣ እትየ» አለችኝ። «ግን ብሄድ ኖሮ ቡሬ ላይ የዘፈንሁት ቀልድ ይሆንብኝ ነበር።»  ያን ሁሉ ዓመት ስቆጣት ኖሬ፣ ያን ዕለት የምቆጣበት ጠፋኝ።

ወደ ወንድሜ ሄድሁ። ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑ ግን ልጁ ላይ ነበር። አጠገቡ ስቀመጥ ሳያየኝ ተናገረ።

«እንዲያው አንድ ጊዜ ብትለምነኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ብላ ትለምንህ? ሂጂ ብለሃታል።»

«ብያታለሁ። እኔ የፈለግሁት እንድትለምነኝ ነበር።»

ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት፤ ከዚያ በላይ የማደርግለት አልነበረኝም። ውዳሴ ጋቢውን ጨምቃ ገመዱ ላይ አሰጣችው፣ ያደፈውን ውሃ ደፋች፣ ወደ እኛ ዞር ሳትል ወደ ቤት ገባች።